ዱቤው የት ገባ? የአንድ ኮምቦልቻ ጅምላ አከፋፋይ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንድ ሸቀጥ ጅምላ አከፋፋይ ነው። ጥያቄው ሶፍትዌር የሚጠቀምባቸው የስም ዝርዝሮች ኮዱ ውስጥ ተዘግተው ይቀመጡ ወይስ ዳታቤዝ ውስጥ ክፍት ይሁኑ የሚል ነው። መጋዘኑ ኮምቦልቻ፣ ቢሮውና አንድ ሱቁ ደሴ ፒያሳ ነው። ዘይት፣ ሳሙና፣ መኮሮኒ፣ ስኳርና የመሳሰለውን በአይሱዙ ጭኖ ያዳርሳል። በሰሜን ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ እስከ ወልድያ፣ በደቡብ እስከ ከሚሴ፣ በምሥራቅ እስከ ባቲ ይደርሳል። ባለቤቱ ስማቸውም ሆነ የድርጅቱ ስም እንዲነሳ አልፈለጉም። ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ፈቅደዋል። ሠራተኛው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ሶፍትዌሩ የተሠራው በ2014 መጨረሻ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው እንደ አዲስ ሲጀመር ሐጂ "ከእንግዲህ በደብተር ብቻ አልሠራም" አሉ። ደብተሩን ግን አልጣሉትም። ይህ በኋላ በጣም ጠቅሟል። የሠራላቸው በቅርቡ የተመረቀ ጎበዝ ልጅ ነው። ሰርቨሩ በጃቫ ተጻፈ፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ሆነ፣ ሹፌሮችና ሽያጭ ሠራተኞች ስልክ ላይ የተጫነው አፕ ደግሞ በፍላተር ተሠራ። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ምርጫው ጥሩ ነው።

በ2017 መጀመሪያ አንዳንድ ደንበኞች በኤምፔሳ እንክፈል ማለት ጀመሩ። ኤምፔሳ አገራችን ውስጥ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2015 ነው፤ ሶፍትዌሩ ሲጻፍ አልነበረም። ልጁ ኮዱን ከፈተ፣ አንድ መስመር ጨመረ፣ አዲሱን እትም ሰርቨሩ ላይ ጫነ። ለስልኮቹም አዲስ አፕ ላከ። በማግስቱ ሒሳብ ሠራተኛዋ የዱቤ ዝርዝሩን ስትከፍት ባዶ ነው። ከወልድያ እስከ ከሚሴ የሐጂ ዕዳ ያለበት ሰው የለም። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ የኤምፔሳ ገቢ ተቆልሏል። የድርጅቱን ግማሽ ሀብት የሚያህል ገንዘብ በስልክ ገብቷል ይላል። ሐጂ ስልካቸውን ደጋግመው አዩ። ምንም የለም።

አንዷ መስመር

ልጁ መስመሯን የጨመረው ኢነም በሚባል ዝርዝር ውስጥ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ፕሮግራመሩ ኮዱን ሲጽፍ ስሞችን አንድ በአንድ ይዘረዝርና ዝርዝሩን ይዘጋዋል። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ እያለ መጨመርም መቀነስም አይቻልም። ለመጨመር ኮዱን መክፈት፣ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ መቀየር)ና እንደገና መጫን ግድ ነው። ጥቅሙም ከዚሁ ይመጣል። ኮዱ ውስጥ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ስም የጻፈ ሰው፣ አንዲት ፊደል እንኳ ቢስት፣ ኮምፓይለሩ አያሳልፈውም። ጃቫ ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው 5ኛ እትሙ ነው። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2014፣ ፒኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2021 ተከተሉ።

ተለዋዋጭ ስብስብ የሚባለው ሌላኛው መንገድ ነው። ዝርዝሩ እንደ ማንኛውም መረጃ ዳታቤዝ ውስጥ ሰንጠረዥ (ቴብል) ሆኖ ይቀመጣል። ሥራ ሳይቆም ይጨመርበታል፣ ይታረማል። ፕሮግራሙ ሲፈልገው ከዚያ ያነባል።

ልጁ የአከፋፈል መንገዶችን ያስቀመጠው በኢነም ነበር። ቅደም ተከተሉ ጥሬ ገንዘብ፣ ባንክ፣ ቴሌብር፣ ዱቤ ነው። ጃቫ ለእያንዳንዱ ከ0 ጀምሮ ተራ ቁጥር ይሰጣል፤ ስለዚህ ዱቤ 3 ነው። ኤምፔሳን ሲጨምር ከቴሌብር አጠገብ ቢሆን ይሻላል ብሎ ከዱቤ በፊት አስገባው። ስልኩ ላይ ለሚመርጥ ሰው በእርግጥም እንደዚያ ይሻላል። በዚህ ምክንያት ኤምፔሳ 3 ሆነ፣ ዱቤ ወደ 4 ተገፋ።

ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ደግሞ ቁጥሩ ነው። በጃቫና በዳታቤዝ መካከል የሚሠራው ጄፒኤ የሚባል ደንብ፣ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር ኢነምን በተራ ቁጥሩ ያስቀምጣል። በስሙ አስቀምጥ ለማለት አንዲት ቃል ትበቃለች። ብዙ ሰው ያቺን ቃል አይጽፍም፤ ልጁም አልጻፈም። ስለዚህ ከ2014 ጀምሮ 3 ተብሎ የተመዘገበው ዱቤ ሁሉ በአንድ ሌሊት ኤምፔሳ ተብሎ ተነበበ።

የጃቫ ሰነድ ራሱ ስለዚህ ተራ ቁጥር ሲናገር አብዛኛው ፕሮግራመር አያስፈልገውም ይላል። ጄፒኤ ግን ዝም ካሉት ያንኑ ቁጥር ወስዶ ለዓመታት በሚቆይ ዳታ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ጥፋቱን ሁሉ ልጁ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ማስተካከሉ እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም። ከአዲሱ እትም በፊት የተመዘገበውን 3 ሁሉ ወደ 4 መቀየር ይቻላል። ጣጣው ስልኮቹ ላይ ነው። አፑም ለሰርቨሩ የሚልከው ቁጥሩን ነበር። ሹፌሮቹ ደግሞ አዲሱን አፕ በአንድ ቀን አልጫኑም። አፑ የሚዛመተው በዜንደር ነው፤ አንዱ ኮምቦልቻ ላይ ይጭንና ከሚሴ ላይ ለሌላው ያስተላልፋል። ኔትወርክ በሌለበት የተመዘገበ ሽያጭም ስልኩ ላይ ተኝቶ ይቆይና በኋላ ይላካል። በዚያ ሰሞን የገባ 3 ከአሮጌ አፕ ከመጣ ዱቤ ነው፣ ከአዲሱ ከመጣ ኤምፔሳ። ቁጥሩን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም።

ሁለት ነገሮች አዳኗቸው። ሰርቨሩ እያንዳንዱ መልዕክት ከየትኛው የአፕ እትም እንደመጣ ይመዘግብ ነበር። ይህን ቀድሞ ማሰቡ ልጁን ያስመሰግነዋል። ሁለተኛው ሐጂ ያልጣሉት ደብተር ነው። ባለዱቤው የፈረመበት ስለሆነ፣ ያልለየላቸውን ሽያጮች ልጁና ሒሳብ ሠራተኛዋ ጎን ለጎን ተቀምጠው አመሳከሩ። ዱቤው ተመለሰ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ሰንጠረዥ ሆነ

ሐጂ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። "አንድ ስም ለመጨመር ይሄ ሁሉ መዓት? እኔ ራሴ የምጨምርበት ቦታ ሥራልኝ" አሉት።

"አብሽሩ ሐጂ፣ ይሠራል" አለ ልጁ።

ሠራም። ከድንጋጤው የተነሳ ግን ከልክ አለፈ። ኮዱ ውስጥ ኢነም የሚባል ነገር እንዳይቀር አድርጎ ሁሉንም ወደ ዳታቤዝ አወጣ። የአከፋፈል መንገድ፣ የትዕዛዝ ደረጃ፣ መዳረሻ ከተማ፣ ክልል፣ የወጪ ዓይነት፣ የብር ኖት፣ ሌላው ቀርቶ ወራት ሳይቀሩ ሰንጠረዥ ሆኑ። ማስተካከያ የሚባል ገጽ ተከፈተ። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ገብቶ የፈለገውን መጨመርና ማረም ቻለ። የሐጂ ጥያቄ ትክክል ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን ከተጠየቀው በላይ ሰፋ።

ብዙም ሳይቆይ መጋዘኑና ሶፍትዌሩ መጣላት ጀመሩ። ስክሪኑ መኮሮኒ አልቋል ይላል። መጋዘን ያዡ ደግሞ የመኮሮኒ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ነው ስልክ የሚያነሳው። ደሴ ያለው ሱቅ ስክሪኑን አምኖ ደንበኛ ይመልሳል። ኮምቦልቻ ያለው ዕቃ አቧራ ይጠጣል።

ምክንያቱ ሲፈለግ አንዲት ፊደል ተገኘች። ሒሳብ ሠራተኛዋ ለፊደል ጠንቃቃ ናት። ማስተካከያ ገጹ ላይ "ተሰርዟል" የሚለውን ስታይ ደስ አላላትም፤ በንጉሡ ሠ "ተሠርዟል" ብላ አረመችው። ለሚያነብ ሰው ልዩነት የለውም። ለኮምፒውተሩ ግን ሰ እና ሠ በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ኮዱ ውስጥ ደግሞ "ደረጃው ተሰርዟል ከሆነ ዕቃውን ወደ ክምችት መልስ" የሚል ትዕዛዝ በእሳቱ ሰ ተጽፎ ተቀምጧል። ከእርማቱ በኋላ ሁለቱ አልተገናኙም። ደንበኛ የሰረዘው ትዕዛዝ ሁሉ ዕቃውን ይዞ ቀረ። አንድም የስህተት መልዕክት አልወጣም።

ይህ በላቲን ፊደል ለሚሠራ ፕሮግራመር የማይታየው የእኛ ጣጣ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እያለ ይቀጥላል። በአማርኛ የተጻፈ ስያሜን የኮድ መለያ ማድረግ ፈንጂ እንደመቅበር ነው። ማን መቼ እንደሚረግጠው አይታወቅም።

እኔ የተጠራሁት ይሄኔ ነው። ልጁ ገና ሳንቀመጥ "ጋሼ፣ በቃ ንገረኝ፤ ኢነም ነው የሚሻለው ወይስ ቴብል?" አለኝ። ሁለቱንም ሞክሯል፤ ሁለቱም ከድተውታል።

ማን ማወቅ አለበት?

የተለመደው መልስ "የማይቀየር ከሆነ ኢነም፣ የሚቀየር ከሆነ ሰንጠረዥ" የሚል ነው። እዚህ ቤት አይሠራም። የአከፋፈል መንገድ ይቀየራል፤ በኢነም ተቀምጦ ጉድ አፈላ። የትዕዛዝ ደረጃም ይቀየራል፤ ሰንጠረዥ ሆኖ ጉድ አፈላ። "ይቀየራል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ሁለቱን አይለያቸውም።

የሚለያቸው ሌላ ጥያቄ ነው። አዲስ ነገር ወደ ዝርዝሩ ሲገባ፣ በዚያ ነገር ምን መደረግ እንዳለበት ማወቅ ያለበት ማነው? ሰው ብቻ ካወቀው የሚበቃ ከሆነ ሰንጠረዥ ይሁን። ፕሮግራሙም ማወቅ ካለበት ኢነም ይሁን።

ኩታበር አዲስ ደንበኛ ተገኘ እንበል። "ኩታበር" የሚለው ስም ይጨመራል። የሚያውቀው ሹፌሩ ነው። ኮዱ ለኩታበር የተለየ ነገር አያደርግም። የትዕዛዝ ደረጃ ግን እንደዚያ አይደለም። "በጥበቃ ላይ" የሚል ደረጃ አንዱ ቢጨምር፣ ዕቃው ከክምችት ይቀነስ ወይስ አይቀነስ? ደንበኛው ዕዳ ይጻፍበት ወይስ አይጻፍበት? ፕሮግራሙ መልሱ ከሌለው ስሙ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ይህን በግምት አልተውነውም። ከልጁ ጋር ኮዱን ከፍተን እያንዳንዱ ዝርዝር "እንዲህ ከሆነ" በሚል ቅርንጫፍ ውስጥ የት የት እንደሚገባ ፈለግን። መዳረሻ ከተማ አንድም ቦታ የለም። የወጪ ዓይነትም የለም። የትዕዛዝ ደረጃ ግን ክምችቱ፣ ሒሳቡ፣ ደረሰኙ፣ የሹፌሩ ገጽ፣ ሁሉም ጋ አለ። የአከፋፈል መንገድ ከሁለቱ መሐል ላይ ወደቀ። እሱ ላይ ነው ረጅም ጊዜ የቆየነው።

የትዕዛዝ ደረጃ

ይህ ወደ ኢነም ተመለሰ። ታዟል፣ ተዘጋጅቷል፣ ተጭኗል፣ ተረክቧል፣ ተመልሷል፣ ተሰርዟል። በዚህ ጊዜ ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው ተራ ቁጥሩ አይደለም፤ የማይቀየር አጭር ኮድ ነው። ሰው የሚያየው የአማርኛ ስያሜ ለብቻው ተቀመጠ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ስያሜውን በንጉሡም በእሳቱም ብትጽፈው አሁን ማንም አይጎዳም።

የትኛው ደረጃ ከየትኛው በኋላ መምጣት እንደሚችልም ኮዱ ውስጥ ገባ። የተሰረዘ ትዕዛዝ ተጭኗል ሊባል አይችልም። ቀደም ሲል ይቻል ነበር፤ አንድ ረዳት ተሳስቶ አድርጎትም ያውቃል።

ልጁን ያስደነቀው ግን የኮምፓይለሩ ነገር ነው። ከጃቫ 14ኛ እትም ጀምሮ ስዊች፣ ማለትም ከብዙ አማራጮች አንዱን የሚመርጠው ትዕዛዝ፣ መልስ የሚሰጥ አገላለጽ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። እንደዚያ ሲጻፍ የኢነሙ አባላት በሙሉ መልስ ሊኖራቸው ግድ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ኮምፓይል አይሆንም። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ "ሌላ ከሆነ" የሚለውን ማምለጫ አለመጻፍ። ያ ማምለጫ ካለ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። የድሮው ኮድ በዚህ ማምለጫ የተሞላ ነበር፤ አንድ በአንድ አነሳነው።

ብዙም ሳይቆይ ፈተናው መጣ። የባቲ መስመር ሹፌር ሱቆች ከ30 ካርቶን 20 ብቻ እየተረከቡ ቀሪውን እንደሚመልሱ ተናገረ። ሐጂ "በከፊል ተረክቧል የሚል ጨምርልኝ" አሉ። ልጁ ኢነሙ ላይ ጨመረው። ኮዱ ወዲያው በየቦታው ቀላ፤ መልስ የጎደለበት ሁሉ በቀይ ተሰመረ። ክምችቱ 10 ካርቶን መመለስ እንዳለበት፣ ዕዳው የ20 ብቻ እንደሆነ፣ ደረሰኙም በ20 መታረም እንዳለበት እያንዳንዱ ቀይ መስመር ጠየቀው። ደረሰኙን እሱ ረስቶት ነበር።

ዳታቤዙ በኩል ፖስትግሬስ የራሱ የኢነም ዓይነት አለው። አልተጠቀምንበትም። እሴት መጨመር ቀላል ነው፤ የተጨመረውን ማውጣት ግን አይቻልም፤ ዓይነቱን ራሱን እንደ አዲስ መፍጠር ያስፈልጋል። በምትኩ ተራ የጽሑፍ ዓምድ አደረግነውና ከተፈቀዱት ኮዶች ውጭ እንዳይቀበል ገደብ አደረግንበት። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ሌላው መንገድ ስህተት ነው ብዬ አልከራከርም።

የአከፋፈል መንገድ

ሐጂ ራሳቸው መጨመር ይፈልጋሉ፤ ፕሮግራሙም አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ሁለቱም ፍላጎት እውነተኛ ነው። ታዲያ ፕሮግራሙ ስለ ኤምፔሳ ማወቅ ያለበት ምንድን ነው? ከልጁ ጋር ቅርንጫፎቹን ስናነብ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ኮዱ "ቴሌብር ከሆነ" የሚልባቸው ቦታዎች ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የግብይት ቁጥር ይመዝገብ። "ባንክ ከሆነ" የሚለውም ያንኑ ይጠይቃል። "ጥሬ ገንዘብ ከሆነ" የሚለው ማታ ሹፌሩ የሚያስረክበው ብር ላይ ይደመራል። "ዱቤ ከሆነ" የሚለው የደንበኛው ዕዳ ላይ ይጨምራል።

ለፕሮግራሙ ስሙ ጉዳዩ አይደለም፤ ባህሪው ነው። ባህሪው ደግሞ ሦስት ብቻ ነው። በእጅ የሚገባ፣ በኤሌክትሮኒክ የሚገባና ገና ያልገባ። ስለዚህ ዝርዝሩን ለሁለት ከፈልነው። ሦስቱ ባህሪዎች ኢነም ሆኑ፤ ዝግ ናቸው። የመንገዶቹ ስም ሰንጠረዥ ሆነ፤ ክፍት ነው። ሐጂ አዲስ መንገድ ሲጨምሩ ስሙን ይጽፉና ከሦስቱ ባህሪ አንዱን ይመርጣሉ። ነገ ሌላ ባንክ ወይም ሌላ የሞባይል ገንዘብ ቢመጣ "በኤሌክትሮኒክ የሚገባ" ብለው ራሳቸው ያስገቡታል። ኮዱ አይነካም።

ለብዙ ቤቶች ይህ መፍትሔ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ሰው "ኢነም ወይስ ሰንጠረዥ" ብሎ የሚጨነቅበት ዝርዝር ብዙ ጊዜ ሁለት ዝርዝር ተጣብቆ ነው። ሲላቀቅ አንዱ ዝግ፣ ሌላው ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ሰንጠረዡ ላይ ጥቂት ሕግ አወጣን። መጨመር የሚችሉት ሐጂና ሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ናቸው። መሰረዝ የለም፤ "አይሠራም" ማለት ብቻ ነው። የድሮ ሽያጭ የተከፈለበትን መንገድ ማጣት የለበትማ። ሰንጠረዡን ስንከፍት "ቴሌብር"፣ "ቴሌ ብር" እና "ቴሌ-ብር" ሦስቱም ተሰልፈው አገኘናቸው። ክፍት ዝርዝር ይህ በሽታ አለበት። አዋሃድናቸውና፣ አዲስ ስም ሲገባ ክፍተትና ጭረት ተነስቶ፣ ሞክሼ ፊደላት አንድ ተደርገው ከነባሩ ጋር እንዲነጻጸር ተደረገ።

ስልኮቹም ቀለላቸው። ቀድሞ አሮጌው አፕ የማያውቀው ነገር ሲመጣ ገጹ ይበላሽ ነበር። በፍላተር የሚጻፍበት ዳርት ኢነምን በስሙ ፈልግ ሲባል፣ ስሙ ከሌለ ስህተት ይወረውራል፤ ያን የሚይዝ ኮድ ካልተጻፈ ገጹ ይበላሻል። አሁን አፑ የመንገዶቹን ዝርዝር ከሰርቨሩ ያወርዳል፣ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፣ ኔትወርክ ባይኖርም ከዚያ ያሳያል። አዲስ ስም ለማየት አፕ መቀየር አያስፈልግም። የማያውቀው ባህሪ ከመጣ ብቻ ያንን መንገድ አደብዝዞ "አፑን አድሱ" ይላል። ያልታወቀ ባህሪን እንደ ጥሬ ገንዘብ እንዳይቆጥር ልጁ ደጋግሞ ፈትሾታል። እሳቱ አንዴ አቃጥሎት ተምሯል።

ቀሪዎቹ

መዳረሻ ከተማና የወጪ ዓይነት ሰንጠረዥ ሆነው ቀሩ። የወጪ ዓይነት ውስጥ "ነዳጅ" እና "ናፍጣ" ለየብቻ ተቀምጠዋል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወር ሲዘጋ ታዋህዳቸዋለች። አንዳንድ መዝረክረክ ለመከላከል ከሚወስደው ጊዜ ይልቅ ለማጽዳት የሚወስደው ያንሳል።

ክልል ትንሽ ያነጋግራል። ልጁ መጀመሪያ ከድሮ ፕሮጀክት የቀዳው ኢነም 9 ክልል ነበረው። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ሥራ ላይ ሲውል አንቀጽ 47 የዘረዘረው 9 ነውና ዝርዝሩ ዘላለማዊ ይመስላል። በሰኔ 2012 ሲዳማ፣ በኅዳር 2014 ደቡብ ምዕራብ፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተመሠረቱ። የቀድሞው ደቡብ ክልል ቀረ፤ ክልሎቹ 12 ሆኑ። መጨመር ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። እዚህ ግን አንዱ ጠፍቶ በቦታው ሌሎች መጡ። ሀዋሳ ያለ አቅራቢ በድሮ ሰነድ ላይ ደቡብ፣ በአዲሱ ላይ ሲዳማ ነው፤ ሁለቱም በየጊዜያቸው ትክክል ናቸው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ለእያንዳንዱ ክልል የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጨመረለት። የአቅራቢውም አድራሻ እንዲሁ። የድሮ ሰነድ ሲታተም በቀኑ የነበረውን ያሳያል።

የብር ኖት ላይ ሕጌን ራሴ ጣስኩ። ማታ ገንዘብ የሚረከበው ሰው ስንት ባለ200፣ ስንት ባለ100 እንደተቀበለ የሚሞላበት ገጽ አለ። ኮዱ ለየትኛውም ኖት የተለየ ነገር አያደርግም፤ ያባዛል፣ ይደምራል። በጥያቄው መሠረት ሰንጠረዥ መሆን ነበረበት። ግን ኖት የሚቀየረው ስንት ዓመት ቆይቶ ነው? ባለ200 ብር የመጣው፣ 10፣ 50 እና 100 ብርም በአዲስ የተተኩት በመስከረም 2013 ነው። እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ አገር ያወራዋል፤ ፕሮግራመሩ ሳይሰማ አይቀርም። ለዚህ ሲባል የማስተካከያ ገጽ መሥራት፣ ከዚያም አንዱ ገብቶ "ባለ20" እንዳይጨምር መጠበቅ፣ ትርፍ ድካም ነው። ኮዱ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጥ አልን።

ወራትማ ከሰንጠረዥ መውጣት ነበረባቸው። መስከረም ከዓመት ዓመት መስከረም ነው። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6። ይህን ኮዱ ማወቅ አለበት፤ ሰው ሊያርመው አይገባም። ጃቫ ከ8ኛ እትሙ ጀምሮ የወራት ኢነም አለው፤ ግን 12 ብቻ ስለሆነ ለእኛ አይሆንም። የሚያስቀው፣ በጃቫ የድሮው የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ለ13ኛ ወር የተቀመጠ አንዴሲምበር የሚባል ቋሚ ስም አለ። በጨረቃ ለሚቆጠሩ የቀን መቁጠሪያዎች ታስቦ ነው። ለጳጉሜን ልንበደረው አስበን ነበር፤ ስሙን ሐጂ ፊት መጥራት ስለከበደን የራሳችንን 13 ወር ጻፍን።

ቼክ

አዲሱ አሠራር ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ወልድያ ያለ ትልቅ ደንበኛ በቼክ ልክፈል አለ። ሐጂ ማስተካከያ ገጹን ከፈቱ። "ቼክ" ብለው ጻፉ። ባህሪ ሲጠየቁ ቆሙ። በእጅ የሚገባ ነው? ወረቀቱ በእጅ ይገባል፤ ማታ ግን እንደ ብር አይቆጠርም። በኤሌክትሮኒክ የሚገባ ነው? ቁጥር አለው፤ ግን ባንክ እስኪያልፍ ገንዘቡ የለም። ያልገባ ነው? ዱቤ እንዳይባል ደንበኛው ጽፎ ሰጥቷል።

ስልክ ደወሉ። "ይሄ ያንተ ሦስት ሳጥን አልበቃኝም" አሉት ለልጁ።

አለመብቃቱ ትክክል ነው። ቼክ አዲስ ስም ብቻ ሳይሆን አዲስ ባህሪ ይዞ መጣ። ስንቅ ሳይኖረው ቢመለስስ? ዕዳው ተመልሶ በደንበኛው ላይ መጻፍ አለበት፤ ባንክ የሚያስከፍለው ካለ እሱም እንዲሁ። ይህን ፕሮግራሙ ማወቅ ስላለበት ለፕሮግራመር ደረሰ። ልጁ "ሊመነዘር የሚጠብቅ" የሚል 4ኛ ባህሪ ኢነሙ ላይ ጨመረ፤ በዚህ ጊዜ መሐል ላይ አስገባው። ዳታቤዙ የሚያውቀው አጭር ኮዱን እንጂ ተራውን ስላልሆነ የተገፋ ነገር የለም። ኮምፓይለሩ ከጠቆመው መካከል ማናችንም ያላሰብነው የሹፌሩ የማታ ማስረከቢያ ቅጽ ነበረበት። ሹፌሩ ቼኩን እንደ ወረቀት ማስረከብና መፈረም ነበረበት፤ ቅጹ ላይ ግን ለብር ብቻ እንጂ ለወረቀት ቦታ አልነበረም። ቅጹ ቦታ ተሠራለት።

ከዚያ ሐጂ ገጹን ከፍተው "ቼክ" የሚለውን ራሳቸው ጨመሩ። ባህሪውንም ራሳቸው መረጡ። አሮጌ አፕ የያዙት ስልኮች መንገዱን አደብዝዘው "አፑን አድሱ" አሉ፤ አዲሱም በተለመደው ዜንደር ከስልክ ስልክ ሄደ። የድሮው የቁጥር ዓምድ እስካሁን ዳታቤዙ ውስጥ አለ፤ የሚያነበው ኮድ ግን የለም። የሒሳብ ዓመቱ ሲዘጋና ከደብተሩ ጋር አንዴ ሲመሳከር ይወጣል።